ቺንጋው በተፈታ ጊዜ የትኛው ኦይል ሲል ይቀየር?

ኮምቦልቻ ውስጥ፣ ወደ ባቲ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለችው ጋራዤ፣ ከመሣሪያ መደርደሪያው ሥር አንድ የቆርቆሮ ሣጥን አለ። ዘይት የጠጡ የታይሚንግ ቺንጋዎችን (የሞተሩን ዘንጎች አያይዘው የሚያዞሩትን ባለ ጥርስ የላስቲክ ቀበቶዎች) አጠራቅምበታለሁ። አንዳንዱ እንደ ራሰ ቆዳ ልፍስፍስ ብሏል፤ የአንዳንዱ ጥርስ በጥፍር ሲነካ ይላጣል። «ቺንጋውን ብቻ ቀይርልኝ፣ ሌላውን አትንካብኝ» የሚለኝ ደንበኛ ሲመጣ ከሣጥኑ አንዱን አውጥቼ በእጁ አስይዘዋለሁ። አሽቶ፣ አሽትቶ ይመልስልኛል። ንግግራችን የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።

ከእነዚያ ቺንጋዎች አንዱ የእኔ ጥፋት ነው። አንድ የደሴ መምህር ኮሮላውን አመጣልኝ፤ ባለ 4ኤ የቤንዚን ሞተር ነበረች። የቺንጋዋ ጊዜ ደርሶ ነበርና ቀየርኩት። ቫልቮቹን ከሚከፍተው ዘንግ፣ ከካምሻፍቱ፣ ኦይል ሲል (ዘይት እንዳይወጣ ከሚይዘው የላስቲክ ቀለበት) ግርጌ የጥፍር ያህል እርጥበት አይቻለሁ። መምህሩ ከሰዓት በኋላ የሚያስተምረው ክፍል ስለነበረው ቸኩሏል፤ እኔም አብሬው ቸኮልኩ። እርጥበቱን በጨርቅ ጠርጌ ዘጋሁት። ዓመት ሳይሞላው በኮምቦልቻና በደሴ መካከል ያለውን የሐረጎን ዳገት እየወጣ ሳለ ሞተሩ ጠፋበት። ስፈታው ቺንጋው ዘይት ጠጥቶ ከታች፣ ፒስተኖቹ ከሚያዞሩት ዘንግ፣ ከክራንክሻፍቱ ጥርስ ላይ ተልጧል። በዚያ ሞተር ላይ ቺንጋው ቢበጠስም ቫልቭና ፒስተኑ ስለማይጋጩ ቴስታታው (ቫልቮቹ ያሉበት የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ተረፈ። የናፍጣ ሞተር ቢሆን ኖሮ ቫልቮቹ ይጣመሙ ነበር። ሁለተኛውን ቺንጋና ኦይል ሲሉን በራሴ ገንዘብ ገዛሁ፤ የእጅ ዋጋም አልተቀበልኩም።

ከዚያ ወዲህ ቺንጋ በፈታሁ ቁጥር ከኋላው ያለውን እያንዳንዱን ኦይል ሲል እየነካሁ አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ፦ ይህ ላስቲክ ነገ ቢያፈስ፣ ዛሬ የፈታሁትን ሁሉ እንደገና እፈታለሁ ወይ? መልሱ «አዎ» ከሆነ ይቀየራል። «የለም፣ ሌላ ቀን በሌላ በር ይደረስበታል» ከሆነ፣ ዘይት ሳያፈስ ደረቅ እስከሆነ ድረስ አይነካም። የአንድ ኦይል ሲል ዋጋ ከእጅ ዋጋው፣ ከአዲሱ ቺንጋና መኪናው ሳይሠራ ከሚውልበት ቀን ጋር ሲተያይ በጣም ትንሽ ነው። ስለዚህ ውሳኔዬ በላስቲኩ ዋጋ ላይ ሳይሆን በተቀመጠበት ቦታ ላይ የተመሠረተ ነው።

ኦይል ሲል፣ የሚዞር ዘንግ ከሞተሩ አካል በሚወጣበት ቀዳዳ ዙሪያ የሚቀመጥ ቀለበት ነው። ውጪው የብረት ክብ ነው፤ ከውስጥ ስስ የላስቲክ ከንፈር አለው፤ ከከንፈሩ ጀርባ ደግሞ እንደ ጸጉር የቀጠነ የሽቦ ስፕሪንግ ይዞርበታል። ስፕሪንጉ ከንፈሩን ዘንጉ ላይ ያቅፈዋል። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር ክራንክሻፍቱ በዚያ ከንፈር ውስጥ በየሰከንዱ 50 ጊዜ ይሽከረከራል። ካምሻፍቱ የዚያን ግማሽ ነው የሚዞረው፤ ይሁን እንጂ የቴስታታው ሙቀት ስለሚያገኘው የእሱም ላስቲክ እየጠነከረ ይደርቃል። የደረቀ ከንፈር እንደ ድሮው አይለጠጥም። ዘንጉ በጥቂቱ ሲንቀጠቀጥ ከንፈሩ መከተል ያቅተዋል፤ ዘይቱም በዚያች ክፍተት ይወጣል።

የእኛ አገር የአየር ጠባይ እዚህ ላይ የራሱ የሆነ ነገር አለው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ደግሞ ወደ 1,850 ሜትር ነው። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ደሴ ላይ ያደረ መኪና ጠዋት ሲነሳ የደረቀው ላስቲክ በብርዱ ይበልጥ ይጠነክርና ያንጠባጥባል። ሐረጎን ወርዶ እኔ ጋ እስኪደርስ ሞተሩ ሞቆ፣ ላስቲኩ ለስልሶ፣ ፍሳሹ ቆሟል። ባለመኪናው «ጠዋት መሬቱ ላይ ዘይት አየሁ» ይላል፤ መካኒኩ ፈልጎ ያጣል። ስለዚህ የደሴ ደንበኞቼን፣ ማታ ከሞተሩ ሥር ካርቶን እንዲያነጥፉና ጠዋት ሞተሩን ከማስነሳታቸው በፊትና ካስነሱ በኋላ እንዲያዩት እጠይቃቸዋለሁ። ካርቶኑ ላይ ያለው ጠብታ ከየትኛው የሞተሩ ጎን እንደወረደ ይናገራል።

ከሁሉ አስቀድሞ መኪናችሁ ቺንጋ እንዳለው አረጋግጡ። ቪትዝና ያሪስ፣ እንዲሁም ከ1ዜድዜድ ሞተር ወዲህ የመጡት የቤንዚን ኮሮላዎች የሚሠሩት በሰንሰለት ነው፤ ለእነሱ ይህ ጽሑፍ አይሆንም። ቺንጋ ካለው በየሞተሩ ዓይነት ከኋላው የተደበቀው ይለያያል።

ቀላሉ ያ የመምህሩ 4ኤ ነው። ቺንጋው የሚያዞረው አንዱን ካምሻፍት ብቻ ነው፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው በማርሽ ይዞራል። ስለዚህ ከቺንጋው ኋላ ያሉት ኦይል ሲሎች ሁለት ናቸው፤ የክራንክሻፍቱ የፊት ላስቲክና የካምሻፍቱ። ሁለቱም ይቀየራሉ፤ ክርክር የለውም። የውሃ ፓምፑ የሚዞረው በታይሚንግ ቺንጋው ሳይሆን በውጪው ቺንጋ ስለሆነ ደህና ከሆነ ይቆይ።

የድሮው ራቭ4 ላይ ያለው 3ኤስ ሞተር ግን ሌላ ነው። የዘይት ፓምፑም የውሃ ፓምፑም የሚዞሩት በዚሁ በታይሚንግ ቺንጋ ነው። በመሆኑም ከክራንክሻፍቱና ከካምሻፍቱ በተጨማሪ የዘይት ፓምፑ ዘንግ የራሱ ትንሽ ኦይል ሲል አለው። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይህ ነው። ከክራንክሻፍቱ አጠገብ ስለሚገኝ ፍሳሹ ከክራንክሻፍቱ ጋር ይመሳሰላል፤ ሰውየው የክራንኩን ይቀይራል፣ ዘይቱ መውረዱን ይቀጥላል። የፓምፑ አካል ከሞተሩ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ረጥቦ ካያችሁትም ፓምፑ ወርዶ የጀርባው ማሸጊያ አብሮ ይቀየር። የውሃ ፓምፑን በተመለከተ፣ መቶ ሺህ ኪሎ ሜትር የሠራ ከሆነ እኔ አላስቀረውም። ውሃ ያፈሰሰ ፓምፕ ቺንጋውን ያርሰዋል፤ ኩሽኔታው ተጣብቆ አልዞር ያለ ፓምፕ ደግሞ ቺንጋውን ይበጥሰዋል።

የደሴና የኮምቦልቻ ሰው ከሁሉ በላይ የሚጠቀመው ሚኒባስ ነው፤ በተለይ ዶልፊን የምንለው ባለ 5ኤል ናፍጣ ሞተሩ። እዚህ ቺንጋው ክራንክሻፍቱን፣ ካምሻፍቱንና የናፍጣ ፖምፓውን ያገናኛል። የክራንክና የካም ኦይል ሲል ያለ ጥያቄ ይወጣሉ። ሞተሩ ከወንበር ሥር ስላለና እሱን ለመድረስ ብዙ ነገር መፍታት ስላለበት፣ ሁለተኛ ጊዜ መግባት ለሹፌሩም ለእኔም ከባድ ነው። ሦስተኛው የፖምፓው ዘንግ ላስቲክ ነው። ከእሱ የሚወጣው የሞተር ዘይት ሳይሆን ናፍጣ ነው፤ ናፍጣም ቺንጋን ያበላሻል። ፈሳሹን በሁለት ጣት መካከል አሹትና አሽቱት፤ ስስና ቶሎ የሚሸት ከሆነ ናፍጣ ነው። ያ ላስቲክ እንዲቀየር ፖምፓው ወርዶ ወደ ፖምፓ ባለሙያ መሄድ አለበት። ደረቅ ከሆነ እተወዋለሁ። ከረጠበ ግን አዲስ ቺንጋ አላስርም፤ ሹፌሩ የአንድ ቀን ገቢ ቢያጣም ፖምፓው ይሂድ እላለሁ። ሹፌሮቹ ይህን መስማት አይወዱም፤ እንጀራቸው ነውና አልፈርድባቸውም። ነገር ግን በዚያ ቁልቁለት፣ ሰው ጭኖ፣ ሞተሩ ድንገት ቢጠፋ መሪው ይከብዳል፣ ፍሬኑም እርዳታውን ያጣል።

የሚትሱቢሺ ፒክአፕና ፓጄሮ 4ዲ56 ሞተር ሁለት ቺንጋ አለው፤ ትልቁና የሚዛን ዘንጎቹን (የሞተሩን ንዝረት የሚቀንሱትን) የሚያዞረው ትንሹ። ትንሹ ሲበጠስ ቁራጩ ትልቁ ውስጥ ይገባና ሞተሩን ያጠፋዋል፤ ቫልቮቹም ከፒስተኑ ጋር ይጋጫሉ። ስለዚህ ሁለቱ ቺንጋዎች አንድ ላይ ይቀየራሉ፤ ከክራንኩና ከካሙ ኦይል ሲሎች ጋር የሚዛን ዘንጎቹም ኦይል ሲሎች ይጨመሩበታል። የዚህ ሞተር ባለቤቶች ላስቲኮቹን አንድ በአንድ ከመግዛት የሞተሩን ቁጥር ይዘው ሙሉውን እንዲጠይቁ እመክራለሁ።

የላንድክሩዘሩ 1ኤችዜድ የናፍጣ ሞተር ለዚያ ጥያቄዬ ጥሩ ፈተና ነው። የእሱ አጭር ቺንጋ እስከ ክራንክሻፍቱ አይወርድም፤ በማርሽ ከሚዞር ታችኛው ፑሌጃ (ቺንጋ ከሚያርፍበት መንኮራኩር) ተነስቶ ካምሻፍቱን ብቻ ያዞራል። የክራንክሻፍቱ የፊት ኦይል ሲል ከቺንጋው ክፍል ውጪ ነው፤ በፈለጋችሁ ቀን ትልቁን ፑሌጃ አውጥታችሁ ትደርሱበታላችሁ። ደረቅ ከሆነ ቺንጋ ስለተቀየረ ብቻ አይነካም። በቺንጋው ክፍል ውስጥ ያሉት፣ የካምሻፍቱና የታችኛው ፑሌጃ ኦይል ሲሎች ግን ይቀየራሉ።

የኋላው ትልቁ የክራንክሻፍት ኦይል ሲልስ? እሱ ከፍሪሲዮኑ ጀርባ፣ ከቮላኖው (ፍሪሲዮኑ ከሚታሰርበት ከባድ ክብ ብረት) ኋላ ነው ያለው። ካምቢዮ ሳይወርድ አይታይም። ቺንጋ ስትቀይሩ እሱን አታስቡት፤ ፍሪሲዮን በሚቀየርበት ቀን ያስታውሳችሁ።

አሁን ወደሚያሳስተው ነገር ልምጣ። ዘይት ሁልጊዜ ወደ ታች ይወርዳል፤ መኪናው ሲሄድ ደግሞ ነፋሱ ወደ ኋላ ይገፋዋል። ስለዚህ እርጥበቱ ያለበት ቦታ ሁልጊዜ ምንጩ አይደለም። ከፍተኛውን የረጠበ ቦታ ፈልጉ። ከቴስታታው ክዳን ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) የወረደ ዘይት የካምሻፍቱን ኦይል ሲል ሙሉ በሙሉ ያርሰዋል፤ ኦይል ሲሉ ሳይበደል ይወነጀላል። ክዳኑ በማንኛውም ቀን ይከፈታል፣ በእኔ ጥያቄ መሠረት ሌላ በር ነው፤ ሆኖም ከረጠበ አብሬ እቀይረዋለሁ፣ ከላይ የሚወርድ ዘይት እያለ ከሥር ያለውን ማመን አይቻልምና። ከሥራው ሳምንት በፊት ጊዜ ካላችሁ የሞተሩን ፊት አሳጥቡ፤ አድርቁት፤ ሁለት ሦስት ቀን ንዱት። ከዚያ የላይኛውን ሽፋን ፈትታችሁ በባትሪ መብራት እዩ።

ብዙዎች የማይጠረጥሩት ደግሞ የሞተሩ መተንፈሻ ነው። ከፒስተን ቀለበቶቹ አልፎ ወደ ታች የሚወርደው ጋዝ መውጫ ይፈልጋል። የመተንፈሻው ቱቦ በጥቀርሻ ከተደፈነ ግፊቱ የሚያገኘው ደካማ በር ኦይል ሲሉ ነው። በስድስት ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ አዲስ ላስቲክ ያፈሰሰበት ሰው ሦስተኛውን ከመግዛቱ በፊት ቱቦውን ያጽዳ። ቱቦው ንጹሕ ሆኖ፣ ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር እየሠራ የዘይት መሙያ ክዳኑ ሲከፈት ጭስ በኃይል የሚተፋ ከሆነ ችግሩ ቀለበቶቹ ጋ ነው። ያን ጊዜ ለባለቤቱ በግልጽ ንገሩት፤ ላስቲክ የሞተር ድካም አይጠግንም።

የማልቀይርባቸው ጊዜዎችም አሉ። ኦይል ሲሉ በቅርቡ፣ ለምሳሌ ባለፈው 30,000 ኪሎ ሜትር ውስጥ፣ በጥሩ ዕቃ ተቀይሮ ከሆነና ዙሪያው አቧራ ብቻ ከያዘ አልነካውም። ኦይል ሲል ማውጣት ራሱ አደጋ አለው፤ ካቻቢቴው አንድ ጊዜ ተንሸራቶ ዘንጉን ቢጭር፣ ያ ጭረት አዲሱን ከንፈር በጥቂት ቀን ይበላዋል። ሁለተኛው ምክንያት ዕቃ ነው። ገበያ ላይ የተገኘው ላስቲክ መጥፎ ከሆነ፣ ደረቅ የሆነውን የፋብሪካውን ኦይል ሲል አውጥቼ እሱን አልተካበትም። የረጠበ ከሆነ ግን ሁለቱም አይሆኑም፤ ጥሩው እስኪመጣ ይጠበቃል።

ስትገዙ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ። ፊቱ ላይ ሦስት ቁጥሮች አሉ፤ 35፣ 50፣ 8 የሚል ከሆነ ውስጡ 35 ሚሊ ሜትር፣ ውጪው 50፣ ውፍረቱ 8 ነው ማለት ነው። ልኩ መግጠሙ ብቻ ግን አይበቃም። አንዳንዱ ከንፈር የመዞሪያ አቅጣጫ ቀስት አለው፤ ወደ ቀኝ ለሚዞር ዘንግ የተሠራ ላስቲክ ወደ ግራ በሚዞር ላይ ዘይቱን ወደ ውጪ ይነዳል። የላስቲኩም ዓይነት ይለያያል። ተራው ናይትራይል ሙቀት ከ100 ዲግሪ በላይ በቆየበት ቦታ ቶሎ ይደርቃል፤ ቫይተን የሚባለው ወደ 200 ዲግሪ ይችላል። ቀለሙን አይታችሁ አትፍረዱ፤ ማንኛውም ላስቲክ በማንኛውም ቀለም ይሠራል። ሱቁ ውስጥ ቆማችሁ ከንፈሩን በጣታችሁ ዙሩት፤ ስፕሪንጉ በቦታው መኖሩን፣ ከንፈሩ ያልተቀደደና ያልተጨማደደ መሆኑን እዩ። ቶዮታ ላይ ከፋብሪካው የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ኤንኦኬ የሚባለው የጃፓን ሥራ ነው፤ እውነተኛው ከተገኘ እኔ ሌላ አልፈልግም።

አሮጌውን ለማውጣት የካቻቢቴውን ጫፍ በፕላስተር ጠቅልዬ ከንፈሩን በጥንቃቄ እፈነቅላለሁ። እምቢ ካለ በብረት ክቡ ላይ ብቻ ትንሽ ቀዳዳ በስቼ፣ ቪስ አስገብቼ በፒንሳ እስባለሁ። ከዚያ ዘንጉን አጽድቼ ጥፍሬን አሳልፍበታለሁ። አሮጌው ከንፈር የፈጨበት መስመር ጥፍር የሚይዝ ከሆነ፣ አዲሱን እስከ መጨረሻው አልገፋውም፤ ከንፈሩ ያልተበላ ቦታ እንዲያገኝ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ውጪ አስቀረዋለሁ። የላስቲክ ከንፈር ሲገባ በንጹሕ የሞተር ዘይት ይቀባል፤ ነጭ ፕላስቲክ የሚመስለው የቴፍሎን ከንፈር ግን ደረቁን ነው የሚገባው። ስፕሪንጉ ያለበት ፊት ወደ ዘይቱ ይዞራል። በመዶሻ ዳር ዳሩን አትምቱት፤ ልክ የሆነ ቱቦ ፈልጋችሁ ዙሪያውን እኩል ግፉት። የገባው ጠማማ ከሆነ አውጥታችሁ ሌላ ግዙ፤ የታጠፈ የብረት ክብ ዳግመኛ አይስተካከልም።

ዘይት የነካውን ቺንጋ በቤንዚን ወይም በሳሙና አጥቦ መመለስን ብዙ ጊዜ አያለሁ። እባካችሁ አታድርጉት። ዘይቱ ላስቲኩ ውስጥ ገብቷል፤ የሚታጠበው ፊቱ ብቻ ነው። የመወጠሪያው ኩሽኔታም ጩኸት ባይኖረው እንኳ ከቺንጋው ጋር ይቀየር።

በቶዮታ የናፍጣ መኪናዎች ዳሽቦርድ ላይ የምትበራውን የቺንጋ መብራት የሚጠብቁ ብዙ ናቸው። እሷ የምትቆጥረው ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ በብዙዎቹ ላይ 100,000 ሲሞላ ትበራለች። ቺንጋው ዘይት ውስጥ ቢዋኝ አታውቅም። ኪሎ ሜትሩ ወደ ኋላ ተመልሶ የተሸጠ መኪና ከሆነማ እሷንም ማመን አይቻልም፤ ያን ጊዜ ቺንጋውንም ኦይል ሲሎቹንም እንዳልተቀየሩ ቆጥራችሁ ጀምሩ።

ሁሉም ከገባ በኋላ ቁልፉን ከመንካታችሁ በፊት ክራንክሻፍቱን በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር አዙሩ፤ ምልክቶቹ ተመልሰው መግጠማቸውን እዩ። ከ1,000 ኪሎ ሜትር በኋላ የላይኛውን ሽፋን ከፍታችሁ በነጭ ጨርቅ ከየኦይል ሲሉ ሥር ዳብሱ። ጨርቁ ነጭ ሆኖ ከወጣ ዝጉት።

እኔ ከመዝጋቴ በፊት ቀጣዩ መካኒክ፣ እኔም ሆንኩ ሌላ ሰው፣ እንዲያነበው ሽፋኑ ላይ በማይለቅ ቀለም እጽፋለሁ። ባለፈው ሚያዝያ የአንድ ዶልፊን ሽፋን ላይ የጻፍኩት እንዲህ ይላል፦ «214,300። ቺንጋ፣ መወጠሪያ፣ ክራንክ፣ ካም ተቀይሯል። የፖምፓው አልተነካም፤ ደረቅ ነው።»